የሰላምታው ዘንግ

ይህ የሆነው እኔም ባልረገጥኩት፣ እናንተም ባላለፋችሁበት አገር ነው። የምታውቁት ቢመስላችሁ እንኳ አናውቀውም በሉና ስሙኝ።

በዚያ አገር ዛፍ የለም። አያቶቻቸው የነበረውን ሁሉ አንድደው ስለጨረሱት ለልጅ ልጅ የተረፈው ጉቶና ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዉ ማገዶውን የሚያጭደው ከውሃ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ሰፊ እርከን ላይ ጥልቀታቸው ከጉልበት የማያልፍ፣ ጣራ የሌላቸው ዐሥራ ሁለት ኩሬዎች ለፀሐይ ተሰጥተው ይኖራሉ። በውስጣቸው አረንጓዴው ይበቅላል። አረንጓዴው ሥርም ቅጠልም የለውም፤ አንዱ ብቻውን ለዓይን አይታይም፤ እልፍ ሆኖ ሲሰበሰብ ግን ውሃውን እንደ ሾርባ ያወፍረዋል። ጠባቂዎቹ በጨርቅ ያጠሉታል፣ ያደርቁታል፣ ይጨምቁታል። የሚወጣው ዘይት ወፍጮውን ያዞራል፣ ኩራዙን ያበራል፣ የንጉሡን ሠረገላ ያለ በሬ ይነዳል።

ዘጠነኛውን ኩሬ የምትጠብቀው አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን ለሌላ ሰው የሚሆን ቃል አታስተርፍም። አረንጓዴው ከቆመ ይዘቅጣል፣ ከዘቀጠ ይሞታልና፣ ከማለዳ እስከ ምሽት በረጅም መቅዘፊያ ውሃዋን ታማስላለች። ሃያ ዓመት ስታማስል ትከሻዋ ከወንድ ትከሻ ሰፍቶ፣ ሁለት ባል መጥቶ ሁለቱም በደህና ጊዜ ተሰናብተው ሄደዋል ይባላል። ስምንተኛውን ኩሬ የምትጠብቀው ታላቅ እኅቷ ይርገዱ ናት። ይርገዱ ደግና ፈሪ ነች። እናታቸው በሞተች ጊዜ አንጓችን በጀርባዋ አዝላ፣ በአንድ እጇ ኩሬ እያማሰለች ያሳደገቻት እሷ ናት። አንጓች በዓለም ላይ የምትሳሳለት ሰው ቢኖር ይህችው እኅቷ ብቻ ነበረች።

የዚያ አገር ሥርዓት ሁሉንም ልንገራችሁ ብል ይመሽብናል። አንዱን ግን ስሙ። በየሰኞው ሊቀ ቀለማት ድፋባቸው ወደ እርከኑ ይወጣሉ። ሊቀ ቀለማት የኩሬዎች ሁሉ አለቃ ናቸው። ሹመቱን ከአባታቸው ወረሱት፤ አባታቸውም ከአባታቸው። አንድም ቀን መቅዘፊያ ጨብጠው አያውቁም፤ ይህም ለሹመቱ እንደ ትልቅ ብቃት ይቆጠርላቸው ነበር። በእጃቸው የሰላምታውን ዘንግ ይይዛሉ፤ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወርቃማ ሐር የተጠቀለለበት ዘንግ ነው። በእያንዳንዱ ኩሬ ዳር ቆመው ዘንጉን እስከ ወለሉ ይነክሩና «ንጉሡ እንደምን ሰነበትሽ ይሉሻል» ይላሉ። ጠባቂው በኩሬው ፈንታ እጅ ነስቶ «ክብር ይስጥልኝ፤ አረንጓዴ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ኩሬ ያልፋሉ።

ዘንጉ አይጠረግም። ንጉሡ ሰላም ያሉበትን ውሃ መጥረግ የንጉሡን ቃል መጥረግ ነው ተብሎ በሕግ ተጽፏል። እንዲያውም ሰላምታው እንዳይደርቅ ተብሎ፣ ዘንጉ ከሰኞ እስከ ሰኞ በእርጥብ የቆዳ አፎት ውስጥ ይሰነብታል። አፎቱ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ አሽከሮቹ «የግርማ ሽታ» ይሉታል። አፍንጫውን የያዘ ሦስት ቀን ይታሰራል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የመጀመሪያው ኩሬ ታመመ። ነጭ አረፋ ደፈቀ፤ አረንጓዴው እየጓጎለ ተቆራረጠ፤ ውሃው የተበላሸ እንቁላል ሸተተ፤ በመጨረሻም ቡናማ ሆኖ ቀረ። አሮጌዎቹ ጠባቂዎች ነገሩን ያውቁታል። ከአረንጓዴውም ያነሰ፣ ዓይን የማያየው በላተኛ ውሃው ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል፤ ስሙንም ስውሩ በላተኛ ይሉታል። ሹማምንቱ ግን መክረው ዘክረው፣ ዓይን ባላየው ነገር ላይ መፍረድ ነውር ነው አሉ። የሚታየው ጠባቂው ስለሆነ በጠባቂው ላይ ተፈረደ። ክፉ ትንፋሽ ተንፍሶበት ነው ተባለና ወደ ደረቁ አገር ተሰደደ። በደረቁ አገር የሚጠጣው ጤዛ ነው፤ እሱም በተራ።

ከዚያ ሁለተኛው ኩሬ ታመመ፤ ከዚያ ሦስተኛው። ኩሬ በታመመ ቁጥር ሊቀ ቀለማት ንጉሡ ለሕዝባቸው ያላቸውን ሐሳብ ለማሳየት ሰላምታውን አበዙት፤ በሳምንት አንድ የነበረው ሰኞና ሐሙስ ሆነ። ደግሞም አዋጅ አስነገሩ። ከእንግዲህ ቡናማ የሚባል ቀለም በአገሩ የለም፤ ያለው ጎልማሳ አረንጓዴና ሽማግሌ አረንጓዴ ነው ተባለ። ቡናማ የለም ከተባለ ሰዉ ኩሬውን ቡናማ አደረገ ተብሎ ለምን ይሰደዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱ ሕጎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተኝተው፣ አንድም ቀን ተገናኝተው አልተነጋገሩም። ወፍጮው ግን አዋጅ አይሰማምና በሳምንት ሁለት ቀን መቆም ጀመረ።

አንጓች እያማሰለች ታያለች። በሽታው ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ይሻገራል ብላ ስትጠብቅ አራተኛውን ዘሎ አምስተኛውን ያዘ፤ ከዚያ ተመልሶ አራተኛውን። ነፋስ ነው የሚያመጣው ይሉ ነበር። ነፋስ ግን ጎረቤት ዘሎ አይሄድም። የአምስተኛው ኩሬ ጠባቂ ለቤተ መንግሥት አማች ስለሆነ ሊቀ ቀለማት እሱን ከአራተኛው በፊት ሰላም ይሉታል። ነፋስ ማዕረግ አያውቅም፤ በሽታው ግን ማዕረግ ያውቅ ነበር። ይህን በልቧ ያዘች።

ከዚያ ስድስተኛው ታመመ። ሰባተኛው ሳይነካ አለፈ። በአንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስምንተኛው፣ የይርገዱ ኩሬ፣ አረፋ ደፈቀ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ዘበኞች በይርገዱ ደጅ ቆሙ። ረቡዕ ንጉሡ ችሎት ስለሚቀመጡ ያን ዕለት ተፈርዶባት ወደ ደረቁ አገር እንድትሄድ ተወሰነ። ፍርዱ ከችሎቱ በፊት መወሰኑ በዚያ አገር ጊዜ መቆጠብ ይባላል።

አንጓች ማክሰኞውኑ መቅዘፊያዋን አስቀምጣ ወደ ሰባተኛው ኩሬ ወረደች። ጠባቂው አባ ቢተው ናቸው፤ ሚስታቸው ሦስተኛው ኩሬ በታመመ ሰሞን ሞተውባቸው ሐዘን ላይ የነበሩ ሽማግሌ። ኩሬያቸው ለምለም ነው፤ ግራና ቀኙ ሞቶ እሱ ብቻ ያበራል። አንጓች ዳሩ ላይ ተቀምጣ ይህ እንዴት ተረፈ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ምስጢር እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴ ናት የምትጠብቀው» አሉ። «በሕይወቷም ይህን ኩሬ ከእኔ አብልጣ ትወደው ነበር።»

«አባ፣ ዘንጉ እዚህ ከገባ ስንት ጊዜ ሆነ?»

አባ ቢተው አሰቡ። ሐዘን የገባበት ቤት ኩሬ እስከ ሰማንያ ቀን ሰላም አይባልም፤ እንደምን ሰነበትሽ ሲባል ደህና ነኝ ማለት ሐዘንተኛውን ማስዋሸት ነውና። ከቀብሩ ወዲህ ዘንጉ በደጃቸው እያለፈ ስምንተኛው ኩሬ ውስጥ ነበር የሚገባው። ሽማግሌው ይህን በጣታቸው ቆጥረው ሲደርሱበት ፊታቸው ከሰል መሰለ። አንጓችም የቀረውን ነገረቻቸው። ዘንጉ ከታመመው ኩሬ ወጥቶ መጀመሪያ የሚለቃለቀው በሚቀጥለው ኩሬ ነው፤ ስውሩን በላተኛ እጁን ይዞ ከቤት ቤት የሚያዞረው ሰላምታው ራሱ ነው አለቻቸው።

አባ ቢተው ወደ ኩሬያቸው አዩ። «እንግዲያ እሷ አልነበረችም» አሉ። ሐዘናቸው እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ።

«እሳቸውም ናቸው አባ። እሳቸው ባይሞቱ ዘንጉ ይገባ ነበር።»

ሽማግሌው በዚህ ትንሽ ተጽናኑ። ወዲያው ግን ሰጉላት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ዘንጉን መክሰስ ንጉሡን መክሰስ ነው፤ እኅትሽን ለማዳን ብለሽ ከእኅትሽ ጋር ልትሄጂ ነው አሏት። አንጓች ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እኔ መች ልከስ አባ? ላመሰግን ነው የምሄደው።»

ከዚያ ወደ እኅቷ ቤት ሄደች። ይርገዱ ያላትን ሁሉ በአንድ ስልቻ ከትታ፣ ስልቻውን አጠገቧ አድርጋ እንደ መንገደኛ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቋል። አንጓችን ስታይ ነገሩ ስለገባት፣ አንቺ ልጅ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል ብላ ለመነቻት። አንጓች ስልቻውን ፈታች፤ ነጠላውን በመስቀያው፣ ድስቱን በጉልቻው፣ ማበጠሪያውን በመደርደሪያው፣ እያንዳንዱን ዕቃ ወደነበረበት መለሰች። ባዶውን ስልቻ አጥፋ ደጅ ለቆሙት ዘበኞች ሰጠቻቸው።

«የትም አትሄጂም እትዬ» ብላት ወጣች።

ረቡዕ ዕለት ሰዉ ወደ ችሎት ጎረፈ። የንጉሡ ችሎት የሚቀመጠው ከቤተ መንግሥቱ ኩሬ ዳር ነው። ይህች ዐሥራ ሦስተኛ ኩሬ ትንሽ ነች፤ ዘይቷ ለንጉሡ መኝታ ቤት ብቻ የሚበራ ነው። በዚያ የመከራ ዓመት እንኳ ቅጠል መስላ ነበር። ሹማምንቱ ይህ በንጉሡ ጽድቅ የሆነ ነው ይላሉ። ንጉሥ ለራሱ ሰላም ስለማይል ዘንጉ በዚህች ኩሬ ገብቶ አያውቅም።

አጋፋሪው ባለጉዳዮችን እያስታጠበ ያስገባል። የድሀ እግር የችሎቱን ምንጣፍ እንዳያቆሽሽ ሦስት ጊዜ እግር፣ ሁለት ጊዜ እጅ መታጠብ ግድ ነው። አንጓች ሳትጨቃጨቅ ታጠበች። አጋፋሪው ጥፍሯን ሳይቀር አይቶ አሳለፋት።

ይርገዱን በሁለት ዘበኛ መካከል አቆሟት። ሊቀ ቀለማት ድፋባቸው ክሱን በሚያምር ድምፅ አነበቡ። ተከሳሿ በክፉ ትንፋሿ የስምንተኛውን ኩሬ ወደ ሽማግሌ አረንጓዴነት አድርሳዋለች፣ ንጉሡ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰላም ከማለት አልቦዘኑም አሉ። ንጉሡ ያረጁ፣ ጆሮአቸው የደከመ፣ ዓይናቸው ግን ገና ንቁ የሆነ ሰው ነበሩ። ለተከሳሿ የሚናገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አንጓች ወጥታ እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ፣ የመጣሁት ለመክሰስ አይደለም። አንድ ቅር ያለኝን ነገር ለመናገር ነው። ዐሥራ ሁለቱ ኩሬዎች የጃንሆይን ሰላምታ ያገኛሉ። ይህች የጃንሆይ ኩሬ ግን አንድ ቀን እንደምን ሰነበትሽ ተብላ አታውቅም። የድሀ ኩሬ ተከብሮ የንጉሥ ኩሬ እንዴት ይቀራል? ሊቀ ቀለማት ዛሬ ዘንጉን ይንከሩባት። ወር እንጠብቅ። እንደለመለመች ከከረመች ስምንተኛውን የገደለው የእኅቴ ትንፋሽ ነው፤ እሷም ትሂድ፣ እኔም እከተላታለሁ፣ ዘጠነኛው ኩሬዬም ለጃንሆይ ይሁን።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ብዙው ሰው ሴትዮዋ ተንበርክካ ታሞግሳለች ብሎ አሰበ፤ አንዳንዱ ግን ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ይርገዱ ዓይኗን ጨፈነች። ሊቀ ቀለማት ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ንጉሥ ለራሱ ሰላም እንደማይል፣ ሥርዓቱም ከጥንት እንዲህ እንደሆነ፣ ዘንጉም ዛሬ ደክሞት እንደሆነ አከታትለው ተናገሩ። ንጉሡ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ሰላምታዬ ለሰው ጥሩ ከሆነ ለእኔ ምን ይከፋኛል?» አሉ። «ንከርልኝ። እኔም እስቲ እንደምን ሰነበትክ ልባል።»

አፎቱ መጣ። ሲከፈት የግርማው ሽታ በችሎቱ ላይ ወረደ፤ ፊት ለፊት ያሉት ትንፋሻቸውን ያዙ። ሊቀ ቀለማት ዘንጉን ይዘው ወደ ኩሬዋ ዳር ሄዱ። ውሃው ከታች ለምለም ሆኖ ይታያል። ዘንጉን አነሡት፣ ወደ ታችም አዘነበሉት። ጫፉ ውሃውን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሙ። ከሐሩ ላይ ቡናማ ልጋግ ይንጠባጠባል። ሊቀ ቀለማት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስል አተኩረው አዩት። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የካባቸውን ጫፍ ሰብስበው ዘንጉን ከላይ እስከ ታች ጠረጉት። ሐሩን ጨመቁት። ደግመው ጠረጉት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ሲሠሩ የኖሩ ይመስል ጥንቅቅ አድርገው ነው የጠረጉት።

 አጋፋሪው ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ፊቱን አዞረ። ሊቀ ቀለማት ቀና ሲሉ ይህን አዩና ያደረጉትን ያኔ አወቁት። ካባቸው እጃቸው ላይ ነበር።

«ምን አደረግህ?» አሉ ንጉሡ።

«ጠረግሁት፣ ጃንሆይ።»

«ለምን?»

 ንጉሡ ወደ ኩሬያቸው፣ ከዚያ ወደ ካባው፣ ከዚያም ወደ ይርገዱ አዩ።

«የእነሱ ኩሬ ውስጥ ስትነክርስ ትጠርግ ነበር?»

«እንደ ሕጉ ነው፣ ጃንሆይ» አሉ ሊቀ ቀለማት፤ ድምፃቸው ከካባቸው በታች የሚመጣ ይመስል ነበር። «አልጠረግሁም።»

እኝህ ሰው ያውቁ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። አፋቸው ያውቅ እንደነበር እኔ አልምልም፤ እጃቸው ግን ያውቅ ነበር። ንጉሡም ይህን አዩ፤ ሕዝቡም ንጉሡ ማየታቸውን አየ። ከዚያ በኋላ ክሱን ደግሞ የሚያነብ አልተገኘም። ንጉሡ ለዘበኞቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ይርገዱን ለቀቋት። አንጓች እጇን ይዛ አወጣቻት።

በማግሥቱ አዋጅ ተነገረ። አዋጁ ዘንጉ በደለ አላለም፤ ሹም በደለ አላለም፤ ስውሩ በላተኛ የሚለውም ቃል አልገባበትም። ከዛሬ ጀምሮ ለሰላምታው የበለጠ ክብር ሲባል ዘንጉ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲሻገር በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ በፀሐይም ይደርቃል ብቻ አለ። ሊቀ ቀለማት ድፋባቸው አልተሻሩም። ስማቸው ረዝሞ ሊቀ ቀለማት ወመጋቤ ንጽሕ ተባሉ፤ ዘንግ የመጥረግን ጥበብ ለአገሩ ያስተማሩ ተብለውም ካባ ተደረበላቸው። ሰዉ ሳቀ፤ ግን ቤቱ ገብቶ ነው የሳቀው። ወደ ደረቁ አገር ፈረሰኞች ተላኩ። ከተሰደዱት ስድስት ጠባቂዎች አምስቱ ከስተው፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ተመለሱ። ለመጀመሪያው ኩሬ ጠባቂ ግን አልደረሱለትም፤ ኩሬውን ዛሬ ሴት ልጁ ይዛለች።

ሁለቱ እኅትማማቾች ስምንተኛውን ኩሬ አፈሰሱት። ወለሉን በኖራ ለቀለቁ፤ ዐሥራ አምስት ቀን ፀሐይ አስመቱት። ዘሩን አባ ቢተው ከሰባተኛው ኩሬ በእንስራ አመጡላቸው፤ እንስራውን ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ ሳያጥቡ አልሞሉትም። አዲሱ ውሃ በመጀመሪያው ሳምንት ገርጥቶ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ጥግ ጥጉን ጠቆር አለ።

ያን ዕለት ይርገዱ ኩሬውን እያማሰለች ድንገት ቆመች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ሳትጠይቅ ያቆየችው ነገር ነበር።

«አንጉ፣ ሳይጠርጉ ቢነክሩትስ ኖሮ? አንድ ወር ጠብቀሽ ውሃዋ ባይታመምስ?»

«አይነክሩትም ነበር።»

«ምን አሳወቀሽ?»

«ኩሬዋ የንጉሡ ናታ» አለች አንጓች። «ሰው ለሚፈራው ሁሌም ንጹሕ ነው እትዬ። እኛን ስላልፈሩን ነው ያልጠረጉልን።»

ይርገዱ ይህን ስትሰማ በፍርሃት ወደ ታች፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ አየች። 

«ታዲያ አሁንም አይፈሩንም እኮ» አለች። «ነገ ሌላ ነገር ይዘው ቢመጡስ?»

አንጓች መቅዘፊያውን ከእኅቷ እጅ ተቀብላ ማማሰል ጀመረች።

«ይምጡ» አለች። «አሁንማ ሲጠርጉ አይተናቸዋል።»